ዛፍን ከምሳር የሚያድነው ገንዘብ

የሱዳን የግራር ሙጫና የካርቱም ንግድ ቤት ታሪክ

«ውሃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» እንደሚባለው፥ የአንድ ነገር ስም በየአደባባዩ ሲበዛ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በመንግሥታት ጉባኤ፥ በባንክ ቤትና በጋዜጣ ላይ «አረንጓዴ ኤኮኖሚ» እና «ዘላቂ ፋይናንስ» የሚሉ አነጋገሮች እጅግ በዝተዋል። ከባዕድ ቋንቋ የመጡ ስለ ሆኑ፥ ወደ አማርኛ በተመለሱ ጊዜ ቅርፊታቸው እንጂ ፍሬያቸው በቀላሉ አይታይም። ፍሬያቸው ግን እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያው፥ ሰው ምድሪቱን ሳያራቁት ከምድሪቱ የሚኖርበት ሥራ ማለት ነው፤ ሁለተኛውም፥ እንዲህ ያለው ሥራ እንዲጸና በጊዜው የሚደርስ ገንዘብ ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ጎረቤታችን ሱዳን፥ ዓለም ለነገሩ ስም ከማውጣቱ አስቀድሞ ይህን የመሰለ ሥራ ሲሠራ የኖረ ሕዝብ አላት። የሥራው መነሻ በኮርዶፋን አሸዋ ላይ የሚበቅል አንድ የግራር ዓይነት ነው፤ የንግዱ ኩባንያ፥ ባንኩና የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ግን ለብዙ ዘመን በካርቱም ኖረዋል። የዚህ ዛፍ ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው፤ ዛፍ የሚድነው በስብከት ወይም በችግኝ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ዛፉን የሚጠብቀው ገበሬ በችግሩ ወራት ከማንና በምን ዋጋ ይበደራል የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ውሃ የከበባት፥ ዝናም የነፈጋት ከተማ

ካርቱም ነጭ ዓባይና ከአገራችን የሚወርደው ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከወንዞቹ ማዶ ኦምዱርማንና ሰሜን ካርቱም ይገኛሉ። ውሃ በብዙ ወገን የከበባት ብትሆንም፥ ከሰማይ የምታገኘው ዝናም በአማካይ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በስተ ሰሜንና በስተ ምዕራብ ምድረ በዳው ቅርብ ስለ ሆነ፥ «ሀቡብ» የሚሉት የአቧራ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ቀኑ እንደ ምሽት ይጨልማል።

የአየር ጠባይ ሲለወጥ የሚመጣውን መከራ ይህች ከተማ በሁለት ወገን አይታዋለች። በአንድ ወገን የጎርፍ መከራ ነው። በነሐሴ ወር 1988 በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ ዓመት ዝናም የሚበልጥ ውሃ ወርዶ የጭቃ ቤቶችን አፈራረሰ፤ በ2020 ደግሞ የዓባይ ውሃ በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ብሎ በ1946 እና በ1988 የተመዘገበውን ልክ አለፈ፤ መንግሥቱም ለሦስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ለማወጅ ተገደደ። በሌላው ወገን የድርቅ መከራ ነው። በ1984 እና በ1985 ዝናም በቀረ ጊዜ፥ ከኮርዶፋንና ከዳርፉር የተፈናቀለ እጅግ ብዙ ሕዝብ እየተሰደደ በኦምዱርማን ዳርቻ ሰፈረ። የጎርፉን ውሃ በግድብና በግንብ መከላከል ይቻል ይሆናል፤ የድርቁ መከራ ግን የሚጀምረው ከከተማው ርቆ፥ በገበሬው ማሳ ላይ ነውና መድኃኒቱም መፈለግ ያለበት በዚያው ነው። ስለ ግራሩ የምንናገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሐሻብ የተባለው ዛፍ

ሱዳኖች ይህን ዛፍ «ሐሻብ» ይሉታል። ቁመቱ አጭር፥ እሾኹ ቈልመም ያለ፥ ለዐይን የማያምር ግራር ነው። በአሸዋማ መሬት ላይ ከ280 እስከ 450 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ዝናም ይበቅላል፤ ይኸውም ሌላ ዛፍ በብዙ በማይጸናበት ስፍራ ማለት ነው። ሥሩ አሸዋውን ይይዛል፤ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለመሬቱ ይሰጣል፤ ቅጠሉና ፍሬው ለፍየልና ለግመል መኖ ይሆናል። ከዳርፉር ተነሥቶ በኮርዶፋን በኩል እስከ ገዳሪፍና እስከ ጥቁር ዓባይ አውራጃ የሚዘረጋው ምድር «የሙጫ መቀነት» ተብሎ ይጠራል። «ጠልሕ» የሚባለው ወንድሙም ሙጫ ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ከሐሻብ ያነሰ ነው።

ክረምቱ አልፎ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፥ በጥቅምትና በኅዳር ወር ገበሬው «ሱንኪ» በሚባል ጦር መሰል መሣሪያ የቅርንጫፉን ቅርፊት በጥንቃቄ ይልጣል። ዛፉም ቍስሉን ለመድፈን ዕንባ የመሰለ ሙጫ ያወጣል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ የመጀመሪያው ሙጫ ይለቀማል፤ ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሳምንቱ ያህል እየተመላለሱ እስከ በጋው ማብቂያ ይለቅማሉ። ከአንድ ዛፍ በዓመት የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከሩብ ኪሎ አይበልጥም። ስለዚህም አንድ «ቃንጣር» ማለትም 45 ኪሎ ግራም ያህል ለመሙላት ሁለት መቶ ያህል ዛፍ መዞር ያስፈልጋል።

ይህች ሩብ ኪሎ ግን ዓለምን የዞረች ናት። የጥንት ግብጻውያን ቀለም ለማጣበቅና ሬሳ ለመገነዝ በሙጫ ይሠሩበት ነበር። በአገራችንም ጸሐፍት ጥቁር ቀለም ሲበጠብጡ ጥላሸቱ ከብራናው ላይ እንዳይረግፍ ሙጫ ይጨምሩበት ነበር። በዛሬው ዘመን ደግሞ በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ጣዕም የሚሰጠው ዘይት ከውሃው ተለይቶ እንዳይንሳፈፍ የሚያደርገው፥ ከረሜላን የሚያለሰልሰው፥ የመድኃኒት እንክብልን የሚያያይዘው፥ የቴምብርን ጀርባ የሚያጣብቀው ይኸው የግራር ሙጫ ነው። በዓለም ገበያ ከሚቀርበው ጥሬ ሙጫ ከመቶ ሰባው ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጠው የሱዳን እንደ ሆነ ይነገራል።

የኮርዶፋን አባቶች ከዚህ ዛፍ ጋር የኖሩበት ሥርዐት በጥበብ የተመላ ነበር። ገበሬው አንዱን ማሳ ለአራት ወይም ለአምስት ዓመት ቡልቱግና ሰሊጥ ይዘራበታል፤ መሬቱ ሲደክም ይተወዋል፤ በተተወው መሬት ላይ ሐሻብ ይበቅላል። ዛፉ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ሲሞላው ሙጫ መስጠት ይጀምራል፤ እስከ አሥራ አምስት ወይም እስከ ሃያ ዓመቱም ይሰጣል። ሲያረጅ ይቈረጣል፤ እንጨቱ ለማገዶ ይሆናል፤ መሬቱም አርፎና ለምቶ ስለሚገኝ እንደገና ይታረሳል። እንግዲህ የእህሉ ማሳ ዕረፍት የሙጫው ዘመን ነው ማለት ነው። ዛሬ ሊቃውንት በትልልቅ ጉባኤ «አረንጓዴ ኤኮኖሚ» የሚሉት ከዚህ ብዙ አይለይም።

ከኤል ኦበይድ እስከ ካርቱም፥ ከካርቱም እስከ ባሕር

የሙጫው ትልቅ ገበያ የሰሜን ኮርዶፋን ዋና ከተማ ኤል ኦበይድ ነው። ገበሬው በአህያና በግመል፥ በኋላም በጭነት መኪና ያመጣውን ሙጫ ነጋዴዎች በሐራጅ ይገዙታል። ሙጫው ከቅርፊትና ከአሸዋ ተለይቶ በየደረጃው ይመደባል፤ ይህንም የለቀማ ሥራ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። በ1909 የፖርት ሱዳን ወደብ ከተከፈተ ወዲህ፥ ቀጥሎም የባቡሩ ሐዲድ ኤል ኦበይድ ከደረሰ በኋላ፥ ቀድሞ በሱዋኪንና በግብጽ በኩል ይወጣ የነበረው ሙጫ በብዛት ወደ ፖርት ሱዳን ዞረ። ካርቱም ላይ ደግሞ ዋጋው ይነገራል፤ ፈቃዱ ይሰጣል፤ ብድሩ ይፈረማል። ከባሕር ማዶ በተለይ በፈረንሳይ አገር የሚገኙ ጥቂት ፋብሪካዎች ሙጫውን አጥርተውና ፈጭተው መልሰው ለዓለም ይሸጡታል። ስለዚህ ዛፉ በሱዳን፥ ትርፉ ግን በሌላ አገር ሲበዛ ኖሯል።

የሱዳን መንግሥት ይህን ለማስተካከል በ1969 የግራር ሙጫ ኩባንያ የተባለውን አቋቁሞ፥ ጥሬውን ሙጫ ወደ ውጭ አገር የመሸጥን መብት ለብቻው ሰጠው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ይኸውም «ከዚህ ዋጋ በታች አይገዛም» የሚል ወሰን አቁሞ ገበሬውን ከነጋዴ ማታለልና ከዋጋ መዋዠቅ ለመጠበቅ ነበር። በሥራ ላይ ግን በውጭ አገር ዋጋውና ለገበሬው በሚከፈለው መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ሄደ፤ ገበሬውም ከዛፉ የሚያገኘው ጥቂት ሲሆንበት፥ አንዱ ሙጫውን በድብቅ ወደ ጎረቤት አገር አሻገረ፤ ሌላው ለቀማውን ተወ፤ ሌላውም ዛፉን ቈርጦ ከሰል አከሰለ። ቻድና ናይጄሪያም በዚሁ ጊዜ በገበያው ውስጥ ስፍራ እየያዙ መጡ። በመጨረሻም በ2009 የኩባንያው የብቸኝነት መብት ቀርቶ፥ ነገሩን የሚቈጣጠር የግራር ሙጫ ቦርድ ተቋቋመ።

ይህ ሙጫ ምን ያህል ተፈላጊ እንደ ሆነ የሚያስረዳ አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ መንግሥት በ1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ በጣለ ጊዜ፥ የግራር ሙጫ ከማዕቀቡ ተለይቶ እንዲገባ ተፈቀደ፤ የመጠጥና የከረሜላ ፋብሪካዎች ያለ እርሱ መሥራት አልቻሉምና። በ2007 ደግሞ በዋሺንግተን የሱዳን አምባሳደር የነበሩት ጆን ዩኬክ በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው፥ ማዕቀቡ ቢጠብቅ አገራቸው ሙጫውን ልታስቀር እንደምትችል እስከ ማስፈራራት ደርሰው ነበር። እንግዲህ ኃያላን መንግሥታት የማይደፍሩት ዕቃ ያለው ገበሬ፥ ስለ ምን ድሀ ሆኖ ይኖራል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የክረምት ብድር

መልሱ ያለው በዘመኑ አቈጣጠር ውስጥ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት የኮርዶፋን ገበሬ ጎተራው ባዶ ነው፤ የዘራው አልደረሰም፤ ሙጫው አልተለቀመም። በጥቅምት ወር ዛፉን ለመላጥ ወደ ሩቅ ማሳ በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ ስንቅና ውሃ መግዛት አለበት። በምዕራብ ኮርዶፋን ሰዎች «ተበልዲ» የሚሉትን ትልቅ ዛፍ ግንዱን ፈልፍለው የክረምቱን ውሃ እስከ ማጠራቀም የደረሱት የውሃው ችግር እንዲህ የጸና ስለ ሆነ ነው።

በዚህ ጊዜ የመንደሩ ነጋዴ ይመጣል። እህል፥ ስኳር፥ ሻይና ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል፤ በለውጡም ገና ከዛፉ ያልወጣውን ሙጫ፥ ገና ያልታጨደውን ሰብል አስቀድሞ በወሰነው ዋጋ ይገዛል። ይህን ሱዳኖች «ሸይል» ይሉታል። በእኛም አገር ገበሬው ሰብሉን በእሸቱ ሲሸጥ ከሚሆነው የተለየ አይደለም። ለመግለጫ ያህል እንዲህ እናስብ፤ ገበሬው በሐምሌ ወር የመቶ ፓውንድ ዕቃ ቢወስድና፥ በታኅሣሥ ወር በገበያ ሁለት መቶ የሚያወጣ ሙጫ ቢያስረክብ፥ በአምስት ወር ውስጥ የወሰደውን ዕጥፍ ከፈለ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ወለድ የሚባል ቃል የለም፤ ነገሩ ግን ከአራጣ የከፋ ነው።

ይሁን እንጂ ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። እርሱ በክረምት ጭቃ ውስጥ እስከ መንደሩ ይደርሳል፤ ባንኩ ግን አይደርስም። እርሱ መያዣ አይጠይቅም፤ ባንኩ ግን ይጠይቃል። መያዣ ደግሞ ከየት ይመጣል? በ1970 የወጣው ያልተመዘገበ መሬት ሕግ፥ በመዝገብ ያልገባውን መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው ስላለ፥ አባቱና አያቱ የለቀሙበትን የሙጫ ማሳ ገበሬው በአገር ልማድ የራሴ ይለዋል እንጂ፥ በባንክ ፊት ሊያስይዘው አይችልም። ዛፉ ቆሞ ሳለ ሀብት አይባልም፤ ተቈርጦ በጆንያ ከሰል ሲሆን ግን ያን ዕለት ገንዘብ ይሆናል። ምሳሩን የሚያነሣው ክፋት ሳይሆን ይህ ሒሳብ ነው።

መድኃኒት ያልተሞከረ አይደለም። በ1957 የተቋቋመው የሱዳን የእርሻ ባንክ ለገበሬ ለማበደር ታስቦ የተፈጠረ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የእስላም ባንኮች ከተከፈቱ ወዲህ፥ «ሰለም» የተባለው የውል ዓይነት ተስፋፋ፤ ይኸውም ባንኩ ወደ ፊት የሚደርሰውን ምርት አስቀድሞ ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ የሚገዛበት ነው። በመልኩ ከሸይል ጋር ቢመሳሰልም፥ አንድ ትልቅ ልዩነት አለው፤ በሱዳን ባንኮች ልማድ በርክክቡ ጊዜ የገበያው ዋጋ ከውሉ ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቢራቅ፥ ተጎጂው ወገን እንዲካስ የሚያዝዝ አንቀጽ በውሉ ይገባል። ይህን «የበደል ማስወገጃ» ብንለው ትርጓሜውን አይስትም። በአንድ አንቀጽ ብቻ የአራጣው መርዝ እንዴት እንደሚቀንስ ከዚህ ይታያል።

ሌላው መንገድ የገበሬዎች ማኅበር ነው። ከ2009 ወዲህ በዓለም ባንክ አማካይነት ከብዙ መንግሥታት በተሰበሰበ ገንዘብ፥ የሙጫ አምራቾች ማኅበራት እንዲጠናከሩና በየማኅበሩ አነስተኛ ብድር እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፥ ብቻውን መያዣ የሌለው ገበሬ ከሃምሳ ባልንጀሮቹ ጋር ሲሆን እርስ በርሱ ዋስ ይሆናል፤ ሙጫውንም በጋራ መጋዘን አኑሮ ዋጋው እስኪሻል ይጠብቃል። ዛፉን ለማዳን ችግኝ ከመትከል ያላነሰ ሥራ ይህ ነው።

ምድረ በዳው በእግሩ ይሄዳልን?

በዚህ ነገር ላይ ሊቃውንትም ተከራክረዋል። በ1975 ሂዩ ላምፕሬ የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ በሱዳን ባደረጉት ጥናት፥ ምድረ በዳው በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ከ90 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ገፍቷል አሉ። ይህ ቃል በዓለም ተሰማ። በ1980ዎቹ ግን በስዊድን አገር የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በዚያው በኮርዶፋን ምድር መርምረው፥ ምድረ በዳው በአንድ መስመር እንደ ጦር ሠራዊት ሲገሠግሥ አላገኘነውም፤ ዝናም ሲቀር መሬቱ ይራቆታል፥ ዝናም ሲመለስ ብዙው ያገግማል ብለው መለሱ።

ይህ ክርክር የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ምድረ በዳው በራሱ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ በዳር ላይ የዛፍ ግንብ መሥራት ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን መሬቱ የሚራቆተው በየማሳው፥ በየመንደሩ፥ ዛፉ በሚቈረጥበትና ማሳው ዕረፍት በሚያጣበት ስፍራ ሁሉ ከሆነ፥ መድኃኒቱም በየማሳው መሆን አለበት። በ1981 በተባበሩት መንግሥታት ረዳትነትና በሆላንድ መንግሥት ገንዘብ በኮርዶፋን የተጀመረው የሙጫውን መቀነት መልሶ የማልማት ሥራ ይህን መንገድ ይዞ፥ ችግኙን ለገበሬው ሰጥቶ በገዛ ማሳው እንዲተክል አደረገ።

የአፍሪካ ኅብረትም በ2007 ከሴኔጋል እስከ ጅቡቲ የሚደርስ ታላቅ አረንጓዴ ግንብ ለመትከል ወስኗል። ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ኤርትራም በዚህ ዕቅድ ውስጥ ያሉ አገሮች ናቸው። እስከ 2030 ድረስ 100 ሚሊዮን ሄክታር እንዲለማ ታስቦ ሳለ፥ በ2020 የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ዘገባ ለግንቡ በተወሰነው ክልል ውስጥ የለማው 4 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ብቻ መሆኑን ገለጠ። በጥር ወር 2021 ደግሞ መንግሥታትና ባንኮች ለዚሁ ሥራ ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመስጠት ቃል ገቡ። ለሱዳን ሙጫ ብቻ፥ የአረንጓዴ አየር ጠባይ ፈንድ የተባለው ድርጅት በ2020 ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ርዳታ ፈቅዷል፤ ሐሳቡም ሐሻቡ መልሶ እንዲለማ፥ ገበሬውም እንዲጠቀም፥ ዛፉ ከአየር የሚወስደው ካርቦንም እንዲቈጠር ነበር።

አኃዙ ሲነበብ ልብን ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ቃል በተገባበት አዳራሽና በገበሬው ደጃፍ መካከል ያለው መንገድ ረዥም ነው። በጥቅምት ወር ዛፉን የሚልጥ ሰው ገንዘቡን የሚፈልገው በሐምሌ ነው። በሚያዝያ ወር የደረሰው ርዳታ፥ በሐምሌ የተወሰደውን ሸይል አይመልስም፤ በነሐሴ የተቈረጠውንም ዛፍ አያቆመውም።

የካርቱም ምድጃና የጦርነቱ እሳት

ስለ ገበሬው ይህን ያህል ከተናገርን፥ የከተማውንም ሰው ድርሻ ማንሣት ይገባል። የካርቱም ሕዝብ ለብዙ ዘመን ምግቡን ያበስል የነበረው በከሰል ነው። ከሰሉ ይመጣ የነበረው በብዛት ከጥቁር ዓባይና ከገዳሪፍ ወገን፥ ከጠልሕ ዛፍ ነው። በ2000 ከከተማው በስተ ሰሜን በጀይሊ የነዳጅ ማጣሪያ ከተከፈተ በኋላ፥ የማብሰያ ጋዝ ወደ ብዙ ቤት ገባ፤ የምሳሩም ሥራ በዚያው መጠን ቀነሰ። በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትለይ ሱዳን ከነዳጅ ምርቷ ሦስት አራተኛውን ያህል አጣች፤ በዚህም ጊዜ «ከነዳጅ ወደ ሌላ ሀብት እንሻገር» የሚለው ቃል በካርቱም በዛ። ዳሩ ግን ብዙዎች የተሻገሩት ወደ ወርቅ ቍፋሮ ነው። ወርቅ አንድ ጊዜ ከተቈፈረ አያፈራም፤ ወርቁን ለማጥራት የሚሠሩበትም ባዜቃ ውሃውንና አፈሩን ይመርዛል። ሐሻቡ ግን በየዓመቱ ያፈራል።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል የተነሣው ጦርነት ይህን ሁሉ አናወጠው። ውጊያው የጀመረው በካርቱም ስለ ነበር፥ መንግሥቱ ወደ ፖርት ሱዳን ተዛወረ፤ ባንኮች ተዘረፉ፤ በመጋዘን የነበረም ሙጫ እንደ ተወሰደ ነጋዴዎች ተናገሩ። ሠራዊቱ ከተማይቱን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 ነው። የጀይሊው ማጣሪያ ተቃጥሎ ስለ ተጐዳ ጋዝ ጠፋ፤ በከተማይቱ የቀረው ሕዝብም ወደ እንጨት ተመለሰ። በነጭ ዓባይ ዳር ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሕግ ተጠብቆ የኖረው፥ ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች የሚያርፉበት የሱኑጥ ደን በጦርነቱ ጊዜ አብዛኛው ተቈርጦ ማለቁ ተዘግቧል። ዛፉን የቈረጠውን ሰው ከመውቀስ አስቀድሞ፥ ልጆቹን ምን አብስሎ ሊያበላ ይችል እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል።

በሙጫው አገርም ነገሩ ከዚህ አይሻልም። በግንቦት 2025 ፈጥኖ ደራሹ ኃይል የያዛት የምዕራብ ኮርዶፋን ከተማ ኤን ናሁድ ታላቅ የሙጫ ገበያ ናት። ሙጫ የጫነ መኪና በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፤ ብዙውም በድብቅ ወደ ጎረቤት አገሮች ተሻግሮ የሌላ አገር ሙጫ ተብሎ ይሸጣል። በዚህም ምክንያት በአውሮፓ ያለው ገዥ፥ የገዛው ሙጫ የገበሬ ልጅ የተማረበት ይሁን የጥይት ዋጋ የሆነ፥ ለማወቅ ይቸግረዋል። በመጠጥ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈው «ምድሪቱን ሳይጎዳ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ፥ ሰላም በሌለበት አገር ማረጋገጫ አይኖረውም።

ለእኛስ?

ይህ የጎረቤት ታሪክ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ ተሳስቷል። ሐሻብ በጋሽና በባርካ ምድር ይበቅላል፤ በኢትዮጵያም ቈላ ልዩ ልዩ ሙጫ የሚሰጥ ግራር አለ፤ በመተማ፥ በሑመራና በትግራይ ቈላም ለቤተ ክርስቲያን ማዕጠንት የሚሆነው የዕጣን ዛፍ ይገኛል። በ2011 የታተመ የሆላንድና የኢትዮጵያ ሊቃውንት ጥናት፥ በመተማ አካባቢ ያረጀው የዕጣን ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ወጣት ዛፍ እንደሌለ፥ የዕጣኑም ምርት በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እሳት፥ የከብት ግጦሽና ዛፉን የሚበላ ነቀዝ እንደ ምክንያት ተቈጥረዋል። ለዕጣን ለቃሚውም ዛፉ የራሱ ካልሆነ፥ ነገ ስለሚበቅለው ችግኝ የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ከካርቱም ታሪክ ልንወስደው የሚገባን ትምህርት ሦስት ነው። መጀመሪያ፥ ዛፉን የሚጠብቀው ሰው በዛፉ ላይ የታወቀና በሕግ የጸና መብት ይኑረው፤ መብቱ ከታወቀ የቆመው ዛፍ መያዣ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፥ ብድሩ ገበሬው በሚቸገርበት ወር፥ በመንደሩ፥ በማኅበሩ በኩል ይድረስ፤ ውሉም ዋጋ ሲለዋወጥ ደካማውን የሚያድን አንቀጽ ይኑረው። ሦስተኛ፥ የከተማው ሰው የሚያበስልበት ሌላ እሳት ያግኝ፤ ከተማው በከሰል እየኖረ ገጠሩን «ዛፍ አትቍረጥ» ማለት የማይሰማ ትእዛዝ ነውና።

የዓለም ባንኮችና መንግሥታት ለአረንጓዴ ሥራ ስንት ቢሊዮን እንደ መደቡ በየዓመቱ እንሰማለን። አኃዙን መስማት መልካም ነው። ከዚህ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ብንጨምርበት ነገሩን ከሥሩ ያጠራልናል፤ ከዚህ ገንዘብ ውስጥ፥ ዝናሙ በሚዘንብበትና ጎተራው ባዶ በሆነበት በሐምሌ ወር፥ ነጋዴው ከመድረሱ በፊት ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው ስንት ነው? መልሱ «ምንም» ከሆነ፥ ችግኙ የቱን ያህል ቢበዛ ምሳሩ ይቀድመዋል።